ምንም ካልሠራ ኢንዛይም ተነስቶ የሮዲየምን ቦታ እስከ መውሰድ፦ የሲታግሊፕቲን ጉዳይ

ጠያቂዋ

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ አባላት። የኬሚስትሪ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። በቅርቡ የማቀርበው ሴሚናር ኢንዛይሞችን እያሻሻሉ ለመድኃኒት ምርት መራጭ ካታሊስት ስለማድረግ (ማለትም እንደ ግራና ቀኝ እጅ አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል ከሆኑት ሁለት የሞለኪውል ቅርጾች አንዱን ብቻ እንዲሠሩ ስለማድረግ) ሲሆን፣ ምሳሌ አድርጌ የመረጥኩት ለሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የሚታዘዘውን የሲታግሊፕቲንን አሠራር ነው። መድኃኒቱ በአሜሪካ በ2006 ተፈቅዶ ለገበያ ሲቀርብ፣ ወሳኙ የምርት ደረጃ በሮዲየም ካታሊስትና በከፍተኛ ግፊት ሃይድሮጅን መጨመር ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የመድኃኒት አምራቹ መርክ ከኢንዛይም አሻሻዩ ኩባንያ ከኮዴክሲስ ጋር በመተባበር ይህንን ደረጃ በአንድ ትራንስአሚኔዝ ኢንዛይም ተካው፤ ሥራውም በ2010 በሳይንስ መጽሔት ታተመ።

ያልገቡኝ ነገሮች ሁለት ናቸው። አንደኛ፣ የሮዲየሙ መንገድ በሚገባ ይሠራ ከነበረ ለምን ተነካ? ሁለተኛው ይበልጥ ያስጨነቀኝ ነው። መነሻ የሆነው ኢንዛይም በሚፈለገው ኪቶን (ወደ መድኃኒቱ በሚለወጠው ሞለኪውል) ላይ የሚለካ ሥራ አልነበረውም ይባላል። በሰው የሚመራ ዝግመተ ለውጥ ማለት ከብዙ ዝርያዎች የተሻለውን እየመረጡ መቀጠል ከሆነ፣ ሁሉም ዜሮ በሆኑበት ቦታ የተሻለው ከየት ይገኛል? ዜሮን በምንም ቢያበዙት ዜሮ ነውና።

ቀመር

ሁለተኛው ጥያቄሽ የጉዳዩ ልብ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። እኔ በኢንዛይም ማሻሻያ ላብራቶሪ ውስጥ ለበርካታ ዓመታት ሠርቻለሁ፤ አዲስ የሚመጡ ተማሪዎችም ብዙውን ጊዜ የሚሰናከሉት እዚሁ ላይ ነው።

ትራንስአሚኔዝ የአሚን ቡድንን ከአንድ ሞለኪውል አንስቶ ወደ ኪቶን የሚያሻግር ኢንዛይም ነው፤ ለዚህም ከቫይታሚን ቢ6 የሚገኘውን ፒሪዶክሳል ፎስፌት የተባለ አጋዥ ሞለኪውል ይጠቀማል። መነሻው ከአርትሮባክተር ባክቴሪያ ኢንዛይም ጋር የሚዛመድና የቀኝ እጁን ቅርጽ ብቻ የሚሠራ ትራንስአሚኔዝ ነበር። የሥራ ቦታው ሁለት ኪሶች አሉት፤ አንዱ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ። ጠባቡ ኪስ ከሜቲል ቡድን የሚበልጥ ነገር አይቀበልም። የሲታግሊፕቲን ኪቶን ግን በአንድ በኩል ሦስት ፍሎሪን የተሸከመ የቤንዚን ቀለበት፣ በሌላ በኩል ደግሞ ከዚያ የሚገዝፍ ባለ ሁለት ቀለበት ክፍል አለው። ስለዚህ ሞለኪውሉ በሁለቱም በኩል አይገባም ነበር።

ተመራማሪዎቹ ያደረጉት ችግሩን ከፍሎ መፍታት ነው። መጀመሪያ ከእውነተኛው ኪቶን ይልቅ የተቆረጠ አምሳያውን ወሰዱ፤ ግዙፉን ክፍል እንዳለ አቆይተው፣ የቤንዚኑን ቀለበት በሜቲል ተኩት። በዚህ አምሳያ ላይ ኢንዛይሙ ትንሽም ቢሆን ይሠራ ስለነበር ዜሮው ዜሮ መሆኑ ቀረ፤ የሚለካ ነገር ተገኘ። ከዚያም ሰፊውን ኪስ ይበልጥ በማስፋት፣ በ223ኛው ቦታ ላይ ሴሪን የተባለውን አሚኖ አሲድ በፕሮሊን ሲተኩት፣ በአምሳያው ላይ የነበረው ሥራ 11 እጥፍ አደገ። ቀጥሎ ይህንን የተሻሻለ ኢንዛይም ይዘው ጠባቡን ኪስ ከፈቱ። በ69ኛው፣ በ122ኛውና በ284ኛው ቦታ የነበሩትን አሚኖ አሲዶች ይበልጥ ቦታ በማይሻሙ ሲለውጡ፣ በእውነተኛው ኪቶን ላይ የመጀመሪያው የሚለካ ሥራ ታየ። መጠኑም በሊትር 2 ግራም ከሚሆን ኪቶን 0.7 በመቶውን ብቻ መለወጥ ነበር።

0.7 በመቶ ለፋብሪካ ምንም አይደለም። ለዝግመተ ለውጥ ግን ሁሉም ነገር ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚበልጥና የሚያንስ ተብሎ ሊነጻጸር ይችላልና። በድምሩ 11 ዙር ተሄዶ፣ 27 አሚኖ አሲዶች ተለውጠው፣ የመጨረሻው ኢንዛይም በሊትር 200 ግራም ኪቶን፣ በሊትር 6 ግራም ኢንዛይም ብቻ፣ ግማሹ ዳይሜቲል ሰልፎክሳይድ በሆነ አሟሚ ውስጥ፣ በ45 ዲግሪ ሙቀት 92 በመቶ ምርት ሰጠ።

መድኃኒት ቀማሚዋ

ስለ መጀመሪያው ጥያቄ ከሙያዬ አንጻር ልጨምር። አንዳንድ ጽሑፎች የሮዲየሙን መንገድ በሽተኛን የሚመርዝ አስመስለው ያቀርባሉ፤ ይህ ልክ ስላልሆነ በሴሚናርሽ ላይ እንዳትደግሚው። ዓለም አቀፉ መመሪያ በአፍ ከሚወሰድ መድኃኒት በቀን እስከ 100 ማይክሮግራም ሮዲየም ይፈቅዳል፤ አምራቹም ቅሪቱን በልዩ ከሰል እያጠራ ያስወግደው ነበር። ችግሩ ማጥራቱ ራሱ አንድ ሙሉ የምርት ደረጃ መሆኑ ነው፤ ጊዜ ይወስዳል፣ ዕቃ ይይዛል፣ ከምርቱም ይቀንሳል።

ሌላው የንጽሕና ጉዳይ ነው። በሮዲየሙ መንገድ የሚገኘው የቀኝ እጅ ቅርጽ ብልጫ (የቀኙ መቶኛ ሲቀነስ የግራው መቶኛ) 97 በመቶ ነበር። ይህ ማለት ከመቶ ሞለኪውል አንድ ተኩል ያህሉ የግራ እጁ ነው፤ ለመድኃኒት አይበቃምና ተጨማሪ ክሪስታል የማድረግ ሥራ ይጠይቃል። ሃይድሮጅኑ የሚጨመርበት ግፊትም ከከባቢ አየር ግፊት 17 እጥፍ ገደማ ስለሆነ ለዚሁ የተሠራ ጠንካራ ዕቃ ያስፈልገዋል። ኢንዛይሙ ሲገባ ከባድ ብረት ጨርሶ ቀረ፣ ጠቅላላ ምርቱ ከ10 እስከ 13 በመቶ ጨመረ፣ አንድ ሊትር የማምረቻ ዕቃ በቀን የሚሰጠው ምርት በ53 በመቶ አደገ፣ ጠቅላላ ቆሻሻው በ19 በመቶ ቀነሰ፤ ምርቱም በተራ ጋን ውስጥ የሚካሄድ ሆነ። ይህ ሥራ በ2010 የአሜሪካን ፕሬዚዳንታዊ የአረንጓዴ ኬሚስትሪ ሽልማት አግኝቷል። እኔን ይበልጥ የሚያስደስተኝ ግን ሽልማቱ ሳይሆን፣ በየቀኑ ለዕድሜ ልክ የሚወሰድ መድኃኒት ኋላ ያስከተለው ቆሻሻ መቀነሱ ነው።

ነባሩ ኬሚስት

በኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ማስተማር ላይ ረጅም ዘመን የቆየሁ ሰው ነኝ፤ የተባለው ሁሉ ትክክል ሆኖ ሳለ አንድ ነገር መታረም አለበት ብዬ አምናለሁ። የሴሚናሩ ርዕስ ዋና ቃል መራጭነት ነው። በሲታግሊፕቲን ግን መራጭነቱ የተፈጠረ ሳይሆን የተወረሰ ነው። መነሻው ኢንዛይም ገና ከጅምሩ የቀኝ እጁን ብቻ የሚሠራ ቤተሰብ አባል ነበር። የመሐንዲሶቹ ድካም ኪሱን ማስፋት፣ ኢንዛይሙ አሟሚውንና ሙቀቱን እንዲችል ማድረግ፣ በዚያ ሁሉ መካከልም መራጭነቱን ሳያፈስሱ መዝለቅ ነው። ይህ ታላቅ ሥራ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ተማሪዋ መራጭነት ራሱ ከምንም ሊፈጠር እንደሚችል ማሳየት ከፈለገች፣ የምትጠቅሰው ሌላ ሥራ መሆን አለበት።

ያም ማንፍሬድ ሬትስና ባልደረቦቹ በጀርመን ሙልሃይም በሚገኘው የማክስ ፕላንክ ተቋም ሠርተው በ1997 ያሳተሙት ነው። የወሰዱት ኢንዛይም ከሱዶሞናስ ባክቴሪያ የተገኘ ሊፔዝ (ስብ ሰባሪ ኢንዛይም) ሲሆን፣ በመረጡት ኤስተር ላይ የነበረው ብልጫ 2 በመቶ ብቻ ነበር፤ ይህም ግራና ቀኙን አይለይም ማለት ነው። በዘረ-መሉ ላይ በዘፈቀደ ስሕተት እያስገቡ፣ የተሻለውን እየለዩ፣ በአራት ዙር ብልጫውን ወደ 81 በመቶ አደረሱት። ከዚያ በፊት የነበረው የፍራንሲስ አርኖልድ የ1993 ሥራ ሰብቲሊሲን የተባለውን ፕሮቲን ፈጪ ኢንዛይም 60 በመቶው ዳይሜቲልፎርማማይድ በሆነ ፈሳሽ ውስጥ 256 እጥፍ እንዲበረታ ያደረገ ነው። የ2018ቱ የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ግማሹ ለእሷ የተሰጠውም ይህንን መንገድ ስለከፈተች ነው። ሆኖም የ1993ቱ ሥራ አሟሚን ስለ መቋቋም እንጂ ስለ መራጭነት አልነበረም። ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል።

ቀመር

ነባሩ ኬሚስት ያሉት እርማት ተገቢ ነው፤ አመሰግናለሁ፣ እኔም ይህንን ነጥብ ማንሳት ነበረብኝ። ሆኖም መራጭነትን ጠብቆ መዝለቅ ቀላል ሆኖ እንዳይታይ ትንሽ ስሌት ላቅርብ።

97 በመቶ ብልጫ ማለት የቀኙና የግራው ምጣኔ 98.5 ለ1.5 ነው። ይህንን ወደ ጉልበት ብንቀይረው፣ በ50 ዲግሪ ሙቀት ወደ ቀኙና ወደ ግራው የሚወስዱት ሁለት መንገዶች የሚለያዩት በሞል 11 ኪሎጁል ያህል ብቻ ነው። የመጨረሻው ኢንዛይም የሚሰጠው ብልጫ ከ99.95 በመቶ በላይ ሲሆን፣ የግራ እጁ ከ4000 ሞለኪውል አንድ እንኳ አይሞላም ማለት ነው፤ ይህም በ45 ዲግሪ ወደ 22 ኪሎጁል ይደርሳል። ማለትም ከሮዲየሙ የተሻለበት ርቀት 11 ኪሎጁል ነው፤ የአንድ ደካማ የሃይድሮጅን ትስስር ጉልበት ያህል። አሁን አስቡት፤ ጠባቡ ኪስ ሲሰፋ ሞለኪውሉ ተገልብጦ የሚቀመጥበት ቦታም አብሮ ሊከፈት ይችላል፤ ያችን ትንሽ ልዩነት ለማጥፋት ደግሞ አንድ የተሳሳተ አሚኖ አሲድ ይበቃል። በ27 ለውጦች ውስጥ ያ አለመሆኑ በአጋጣሚ አይደለም፤ ሞለኪውሉ በኪሱ ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጥ በኮምፒውተር ሞዴል አስቀድመው አይተው፣ የትኞቹን ቦታዎች መንካት እንዳለባቸው መርጠው ስለጀመሩ ነው።

ጠያቂዋ

በጣም አመሰግናለሁ። አሁን ሌላ ነገር ግራ አጋባኝ። አሚን ከማሻገር ጋር የተያያዘው አጸግብሮት ወደ ኋላም ወደ ፊትም የሚሄድ ነው። ካታሊስት ደግሞ ሚዛንን አይለውጥም፤ መጀመሪያ ዓመት የተማርነው ይህንን ነው። ታዲያ ኢንዛይሙ ምንም ያህል ቢሻሻል 92 በመቶ ምርት እንዴት ተገኘ? ደግሞስ ለምን በዘፈቀደ ስሕተት ማስገባቱ ቀርቶ በሞዴል ብቻ አልተሠራም?

ነባሩ ኬሚስት

ሚዛኑ በኢንዛይሙ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ከጋኑ ውስጥ ነገር በማስወጣት ነው። አሚን ሰጪ ሆኖ የገባው አይሶፕሮፒልአሚን ሲሆን፣ አሚኑን ሰጥቶ የሚቀረው አሴቶን ነው። አሴቶን በ56 ዲግሪ ስለሚፈላ በ45 ዲግሪም በቀላሉ ይተናል፤ እየተነነ ከወጣ ደግሞ አጸግብሮቱ ወደ ምርቱ መጓዙን ይቀጥላል።

ጥንቁቅ ተማሪ እዚህ ላይ ይጠይቃል፤ አይሶፕሮፒልአሚን ራሱ በ32 ዲግሪ ገደማ የሚፈላ አይደለም ወይ? ከአሴቶኑ ቀድሞ ለምን አይሄድም? መልሱ በፈሳሹ አልካላይነት ላይ ነው። ፒኤቹ 8.5 አካባቢ ሲሆን አሚኑ አብዛኛው ፕሮቶን ተቀብሎ የኤሌክትሪክ ሙል ያለው አዮን ሆኗል፤ አዮን ደግሞ ከውኃ አይተንም። በዚህ መንገድ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይቀራል። በኢንዛይም ላይ የሚጻፉ ጽሑፎች ሁሉ ስለ ሚውቴሽን ብቻ ሲያወሩ እንደዚህ ያለው ተራ የሚመስል ኬሚስትሪ መረሳቱ ያሳዝነኛል፤ ምርቱን 92 በመቶ ያደረሱት ሁለቱ አንድ ላይ ናቸውና። ደግሞም ይህ የፋብሪካ ሁኔታ ነው ኢንዛይሙ ምን መቻል እንዳለበት የወሰነው፤ በሕይወት ባለ ሴል ውስጥ በሊትር 200 ግራም ኪቶን፣ አንድ ሞላር አይሶፕሮፒልአሚንና ግማሽ ዳይሜቲል ሰልፎክሳይድ የገጠመው ኢንዛይም የለም።

ቀመር

ስለ ዘፈቀደና ስለ ሞዴል። በቁጥር እንየው። ነባሩ ኬሚስት የጠቀሱት ሊፔዝ 285 አሚኖ አሲዶች አሉት። በአንድ ቦታ ብቻ አንድ ለውጥ ቢደረግ የሚገኙት የተለያዩ ኢንዛይሞች 285 በ19 ተባዝቶ 5,415 ናቸው፤ ይህንን በትጋት መመርመር ይቻላል። ሁለት ለውጥ አንድ ላይ ከሆነ 14.6 ሚሊዮን ይሆናሉ። ሦስት ከሆነ 26 ቢሊዮን። ለእያንዳንዱ ዝርያ ግራና ቀኙን ለመለካት ደቂቃዎች የሚፈጅ ላብራቶሪ ሦስተኛው ደረጃ ላይ በጭፍን መድረስ አይችልም። ስለዚህ ሞዴሉ የሚሠራው ፍለጋውን ማጥበብ ነው፤ ከኪሱ ዙሪያ ያሉትን ጥቂት ቦታዎች ይጠቁማል።

በሌላ በኩል፣ በመጨረሻው ኢንዛይም ላይ ከሚገኙት ለውጦች ብዙዎቹ ከኪሱ ርቀው ያሉ ናቸው፤ ፕሮቲኑ ሙቀትና አሟሚ እንዲችል የሚያደርጉት እንዲህ ያሉት ሲሆኑ፣ የትኛው እንደሚጠቅም አስቀድሞ መናገር እጅግ ከባድ ነው። ስለዚህ በኪሱ አካባቢ እናስባለን፤ ከኪሱ ርቀን እንሞክራለን። እኔ በሠራሁባቸው ዓመታት ከዚህ የተሻለ የሥራ ክፍፍል አላየሁም።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልናገር። መድረሻውን የሚወስነው መለኪያው ነው። በአንድ ወቅት እኛ በሠራነው አንድ ሥራ ላይ፣ ለመለካት እንዲመች ቢጫ ቀለም የሚለቅ አምሳያ ተጠቀምን። ሦስት ዙር ከሄድን በኋላ ኢንዛይሙ በአምሳያው ላይ እጅግ በርትቶ፣ በምንፈልገው ሞለኪውል ላይ ግን ከመነሻው ደክሞ አገኘነው። ኢንዛይሙ አላታለለንም፤ የጠየቅነውን ነው የሰጠን። በሲታግሊፕቲን የተቆረጠው አምሳያ የጠቀመው ተመራማሪዎቹ የመጀመሪያው እርምጃ ላይ ብቻ ተጠቅመው፣ እንደ ቻሉ ወዲያው ወደ እውነተኛው ኪቶን ስለተሻገሩ ነው። ከዚያም በየዙሩ የፈተናውን ሁኔታ አከበዱት፤ ኪቶኑን፣ አሚኑን፣ አሟሚውንና ሙቀቱን እየጨመሩ ወደ ፋብሪካው ሁኔታ አቀረቡት።

የሶዳ ሐይቅ

ውይይቱን በጉጉት ስከታተል ቆይቻለሁ። የማይክሮባዮሎጂ ሰው ነኝ፤ የምጨምረው ስለ መነሻው ኢንዛይም ነው።

ብቅል የምትጠቀም ጠላ ጠማቂ ሁሉ ኢንዛይም ትጠቀማለች፤ ገብሱ ሲበቅል የሚያወጣው አሚሌዝ ስታርቹን ወደ ስኳር ይሰብራል። ብቅሉን በሚፈላ ውኃ ብታጠፋው ግን ጥንስሱ አይሆንላትም፤ ኢንዛይሙ ተዘርግቶ ቅርጹን ያጣልና። አብዛኛው ኢንዛይም እንደዚህ በቋፍ የሚቆም ነው፤ በቋፍ ላይ ያለ ፕሮቲን ደግሞ ብዙ ሚውቴሽን አይሸከምም። በ2006 ከአርኖልድ ላብራቶሪ የወጣ ሥራ ይህንን በግልጽ አሳይቷል፦ ይበልጥ የጸና ፕሮቲን አዲስ ሥራ የሚያመጡ ለውጦችን የመቀበል አቅሙ ከፍ ያለ ነው። እነዚህ ለውጦች አብዛኛውን ጊዜ ፕሮቲኑን ስለሚያላሉት፣ ሲጀመር ትርፍ ጽናት ያለው ብቻ ዋጋውን ይችላል።

ጥሩ ምሳሌው በ2016 የታተመው የካርቦንና የሲሊኮን ትስስር ሥራ ነው። ሕይወት ያለው ነገር ይህንን ትስስር ሲሠራ አልታየም። መነሻ የሆነው ሳይቶክሮም ሲ የተባለ ትንሽ ፕሮቲን ሲሆን፣ የተገኘው በአይስላንድ ከባሕር በታች ባሉ ፍል ውኃዎች ከሚኖር ባክቴሪያ ነው። በሦስት ሚውቴሽን ብቻ ሰው ሠራሽ ከሆኑት ምርጥ ካታሊስቶች ከ15 እጥፍ በላይ በረታ።

ይህንን የማነሳው በአገራችን ስምጥ ሸለቆ ያሉት እንደ አቢጃታና ሻላ ያሉ የሶዳ ሐይቆች በዚህ ረገድ ሀብት ስለሆኑ ነው። ከእነዚህ ሐይቆች አልካላይ ወዳድ ባክቴሪያዎች ተለይተው፣ ፕሮቲንና ስታርች የሚፈጩ ኢንዛይሞቻቸው በአገር ውስጥ ተመራማሪዎች ተጠንተዋል። የተጠኑት ግን ባብዛኛው ለሳሙናና ለቆዳ ሥራ እንዲሆኑ በማሰብ ነው። የትራንስአሚኔዝና የኪቶሪዳክቴዝ (ኪቶንን ወደ አልኮል የሚለውጥ ኢንዛይም) መነሻ ፍለጋ ተብሎ ቢታዩ ምን ይገኝ ነበር የሚለው ጥያቄ ልቤን አይለቀውም።

ነባሩ ኬሚስት

የሶዳ ሐይቅ ያነሱት ሐሳብ ደስ ያሰኛል። ግን ተማሪዋ የምታቀርበው ሁሉ ስኬት ብቻ እንዳይሆን አንድ ጉዳይ ልጨምር። በ2019 ከአርኖልድ ላብራቶሪ ቤታ ላክታም የተባሉትን ቀለበቶች በኢንዛይም መራጭነት ስለመሥራት አንድ ጽሑፍ ወጥቶ ነበር። ሥራው ሲደገም የተገለጸው ብርታትና መራጭነት ስላልተገኘ፣ በጥር 2020 ተስቦ ወጣ፤ ይህንንም ይፋ ያደረገችው የኖቤል ተሸላሚዋ ራሷ ናት። እኔ ይህንን የማወሳው እሷን ለመንቀፍ አይደለም፤ እንዲያውም ክብሬ ጨምሯል። መራጭነት የሚነበበው ከክሮማቶግራፊ (ሞለኪውሎችን ለያይቶ ከሚያሳይ መለኪያ) ላይ ሁለት ጫፎችን በማወዳደር ስለሆነ፣ አንዱ ጫፍ ሲያንስ ስሕተቱ እንዴት እንደሚገዝፍ ተማሪ ሁሉ እንዲያውቅ ነው።

ጠያቂዋ

ይህንን በሴሚናሬ ላይ በሚገባ አስገባዋለሁ፤ ምሳሌዎቼንም ሁለት አደርጋለሁ፦ መራጭነትን ለመፍጠር የሬትስን ሊፔዝ፣ ጠብቆ ለመዝለቅ ሲታግሊፕቲንን። የቀረኝ አንድ ተግባራዊ ጥያቄ ነው። ከ99.95 በመቶ በላይ የሚል ቁጥር ሲጻፍ፣ የግራው ጫፍ ከክሮማቶግራፊው ጫጫታ በታች እንዳልሆነ በምን ይታወቃል?

ቀመር

ሆን ብለሽ በመጨመር ነው። የግራ እጁን ቅርጽ ለብቻው ሠርተሽ፣ ወይም ግራና ቀኙ እኩል የሆነበትን ድብልቅ ይዘሽ፣ ከንጹሑ ምርት ላይ መጠኑን የምታውቂውን ትንሽ ጠብታ ትጨምሪያለሽ፤ 0.1 በመቶ፣ 0.05 በመቶ፣ 0.025 በመቶ እያልሽ ትወርጃለሽ። ጫፉ ከጫጫታው ተለይቶ የሚታይበት የመጨረሻው መጠን መለኪያሽ የሚናገርበት ወሰን ነው። 0.025 በመቶው በግልጽ ከታየና በኢንዛይሙ ምርት ላይ ግን ምንም ካልታየ፣ ከ99.95 በላይ ብለሽ መጻፍ ትችያለሽ። 0.1 በመቶው ታይቶ ከዚያ በታች ያለው ከጠፋብሽ፣ ኢንዛይሙ ምንም ያህል ግሩም ቢሆን የምትጽፊው ከ99.8 በላይ ብለሽ ነው። ናሙናውን ከማጥራትሽ በፊት ለኪው፤ ክሪስታል ካደረግሽው በኋላ የምታነቢው የክሪስታሉን እንጂ የኢንዛይሙን መራጭነት አይደለም።